መቀመጥ ያቃተው ንጉሥና ዕጣ የወጣላቸው ሕሙማን

እስቲ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ ባል ለሚስቱ፣ እናት ለልጇ፣ ሕመምተኛው ለሐኪሙ እንኳ አፍ አውጥቶ ለመናገር ስለሚያፍርበት ደዌ ነው። ብዙ ሰው ወንበር ላይ በአንድ ጎኑ እየተቀመጠ፣ ልብሱን ደጋግሞ እየቀየረ፣ «ኪንታሮት ቢጤ ነው» እያለ ዓመታት ያሳልፋል። እኔ በስሙ እጠራዋለሁ፤ ከዝምታው የሚጎዳው ታማሚው ነውና። የፊንጢጣ ፊስቱላ ይባላል።

ፊስቱላ ሲባል ብዙዎቻችን በተራዘመ ምጥ የተጎዱ እናቶችን፣ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱላቸውን ሆስፒታል እናስታውሳለን። የዛሬው ሌላ ነው። ሴቶችንም ይይዛል፤ በወንዶች ላይ ግን ይበዛል። አነሳሱ እንዲህ ነው። በፊንጢጣው የውስጥ ግድግዳ ዙሪያ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። አንዷ ትደፈንና ታመረቅዛለች። መግሉ መውጫ ሲያጣ በጡንቻዎቹ መካከል ይጠራቀማል፤ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል፣ ሰውየውን እንቅልፍ ይነሣዋል። አንድ ቀን ፊንጢጣው አጠገብ ያለውን ቆዳ በስቶ ይፈስሳል፤ ወይም ሐኪም ቀድዶ ያፈስሰዋል። ወዲያው እፎይታ ይሆናል። ታማሚውም «ተገላገልኩ» ይላል። በብዙዎች ላይ ግን ያ መግሉ የመጣበት መንገድ አይከደንም። አንድ አፉ ውስጥ፣ ሌላ አፉ ውጭ፣ ስውር ቦይ ሆኖ ይቀራል። የውጭው አፍ ሲደፈን ያብጣል፣ ሲከፈት ይፈስሳል። በራሱ የመዳን ዕድሉም በጣም ጠባብ ነው።

ታዲያ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ ማድረቅ ነው እንጂ ምን ያስጨንቃል ትሉኝ ይሆናል። ነገሩን ያከበደው ቦዩ የሚያልፍበት ሥፍራ ነው። ፊንጢጣን ሁለት ጡንቻዎች ቀለበት ሠርተው ይከብቡታል። የውስጠኛው ያለ እኛ ፈቃድ፣ ተኝተን ሳለን እንኳ ይሠራል፤ የውጭኛው ስናዝዘው ይጨብጣል። ሁለቱ ተባብረው እንደ ከረጢት አፍ ማሰሪያ ይሸበባሉ። ቦዩ ከጡንቻው ጥቂቱን ብቻ አቋርጦ ካለፈ ሐኪሙ ሰንጥቆ ይከፍተዋል፣ ቁስሉም ከሥሩ እየሞላ ይሽራል፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ፣ ዛሬም ብዙ ሰው የሚድንበት መንገድ ነው። ብዙውን ጡንቻ አቋርጦ ካለፈ ግን ቢላዋው ቦዩን ሲከፍት ማሰሪያውንም ይበጥሰዋል። ሰውየው ከመግል ይገላገልና አየርና ሰገራ መያዝ ያቅተዋል። ሰው መሀል መቀመጥ የሚፈራ፣ አውቶቡስ መሳፈር የሚሰጋ፣ ለጸሎት መቆም የሚሳቀቅ ሰው ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? እንዲህ ያለውን ምርጫ ለታማሚ ማቅረብ ጭካኔ ነው። ሐኪሞች ለዘመናት ሦስተኛ መንገድ የፈለጉት በዚሁ ምርጫ ምክንያት ነው።

ፍለጋው ረጅም ነው። በግሪካዊው ሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት ጥንታዊ ጽሑፎች ውስጥ ከፈረስ ጭራ ጋር የተገመደ ክር በቦዩ አሳልፎ ማሰርና ቀን በቀን ማጥበቅ ተጽፏል። ክሩ ሥጋውን በዝግታ እየቆረጠ ሲሄድ ከኋላው ጠባሳ ይተካልና ጡንቻው በአንድ ጊዜ አይፈታም። እንግሊዛዊው ጆን አርደርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1376 ስለዚህ ደዌ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። እነዚህን አልፌ ወደ ፈረንሳይ ልውሰዳችሁ፤ የታሪኩ ሥር ያለው እዚያ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1686 ነው። ንጉሡ ሉዊ አሥራ አራተኛ ነው፤ አውሮፓ የሚንቀጠቀጥለት፣ የቬርሳይን ቤተ መንግሥት ያስገነባ ንጉሥ። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ፊንጢጣው አጠገብ እብጠት ወጣበት። በፈረስ መቀመጥ ቀርቶ በዙፋን መቀመጥ አስቸገረው። ሐኪሞቹ በልጥፍ መድኃኒት ሞከሩ፣ እብጠቱን ተኮሱ፣ አልሆነም። ከየአገሩ መድኃኒት አለን የሚሉ ጎረፉ። አንዱ ፍል ውኃ፣ ሌላው ቅባት፣ ሦስተኛው ምሥጢሩን የማይናገረው ጠብታ ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዘመኑ ቀዶ ሐኪም ፒየር ዲዮኒ ጽፎ እንዳቆየን፣ መድኃኒቶቹ በንጉሡ ላይ ከመሞከራቸው በፊት በሌላ ሰው ላይ ይሞከሩ ተባለ። ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው አራት ሰዎች ተፈልገው በንጉሡ ወጪ ወደ ባሬዥ ፍል ውኃ ተላኩ። ሌሎች ወደ ቡርቦን ፍል ውኃ ሄዱ። ሚኒስትሩ ሉቮዋም ሕሙማን የሚያርፉባቸውን ክፍሎች አዘጋጅቶ፣ መድኃኒት አለኝ ባዩ ሁሉ በሐኪሞች ፊት እዚያ እንዲሞክር አደረገ። ወራት አለፉ። አንድም ሰው አልዳነም።

የቀረው ቢላዋ ነበር። የንጉሡ ቀዶ ሐኪም ሻርል ፍራንሷ ፌሊክስ ይህን ቀዶ ሕክምና በደንብ የተካነ አልነበረም፤ ስለዚህ ሆስፒታል በተኙ ድሆች ላይ ተለማመደ። ከእነዚያም መካከል የሞቱ እንዳሉ ይተረካል። ለዚሁ ሥራ የተበጀ ቀጭንና ጠማማ ቢላዋም አሠራ። ኅዳር ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 18 ቀን ማለዳ፣ ባለቤቱ ማዳም ደ ማንትኖን፣ ሉቮዋና የንስሐ አባቱ በተገኙበት ንጉሡ ተቀደደ። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ገና አልተገኘም። ንጉሡ አልጮኸም ይባላል፤ በዚያው ዕለትም አልጋው ላይ ሆኖ ሹማምንቱን ተቀበለ። በቀጣዩ ወር ቁስሉን ለማስተካከል እንደገና ተቆረጠ፤ በኋላም ዳነ። ፌሊክስ በገንዘብና በማዕረግ ተንበሸበሸ። ዲዮኒ እንደሚለው ከሠላሳ የሚበልጡ ባለሟሎች ሕመሙ ሳይኖርባቸው «እኛንም ቅደዱን» ብለው መጥተዋል።

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ንጉሡ ጽናትና ስለ ፌሊክስ ጥበብ ብዙ ይላሉ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ወደ ፍል ውኃው ስለተጫኑት፣ በሉቮዋ ክፍሎች ውስጥ የማያውቁት ቅባት ስለተቀቡት፣ በፌሊክስ ቢላዋ ሥር ስላለፉት ሰዎች ነው። ፈቃዳቸውን ማን ጠየቀ? ከዚያ በኋላስ ሰገራቸውን መያዝ ቻሉ ወይ ብሎ ማን ተከታተለ? ስማቸውን የጻፈልን የለም። ንጉሡ የዳነው ግን ከእነሱ ሥጋ በተገኘ ዕውቀት ነው።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1835፣ ፍሬድሪክ ሳልመን የሚባል ቀዶ ሐኪም ለንደን ውስጥ ሰባት አልጋ ያለው ትንሽ የሕክምና ቤት ከፈተ። በፊስቱላና በመሰል ሕመሞች ለሚሠቃዩ ድሆች ብቻ የቆመ ነበር። በኋላ ቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ተባለ። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስም በዚሁ ሕመም ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1841 በሳልመን እጅ ተቀድዷል። ኢተር የሚባለው ማደንዘዣ በአደባባይ የተመሰከረለት ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ ነውና እሱም ሁሉንም በነቃ አካሉ ነው የቻለው።

ሳልመን ትልቅ ነገር ሠራ የምለው ስለ ዲከንስ አይደለም። እንዲህ ያሉ ሕሙማን ተበታትነው በየጓዳው ከሚደበቁ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰበሰቡ፣ ሐኪሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እያነጻጸረ ማየት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1976 በዚያው ሆስፒታል አለን ፓርክስና ባልደረቦቹ የ400 ታማሚዎችን ፊስቱላ አጥንተው፣ ቦዩ ከሁለቱ ጡንቻዎች አንጻር በየት በየት እንደሚያልፍ በአራት ዋና ዋና ዓይነቶች ከፈሉት። ዛሬም አዲስ አበባ ይሁን ቴል አቪቭ፣ ለንደን ይሁን ዋሽንግተን፣ ሐኪሞች ስለ ፊስቱላ ሲነጋገሩ የሚጠቀሙት በፓርክስ አከፋፈል ነው። ካርታው ተገኘ ማለት ነው። ጡንቻውን ሳይነኩ ቦዩን ማድረቅ ግን አሁንም ቀረ።

ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን ተስፋ የሚሰጡ ዘዴዎች ተከታትለው መጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካውያን ሐኪሞች ከአሳማ ትንሹ አንጀት ሽፋን የተሠራ፣ ሾጠጥ ያለ መወተፊያ ቦዩ ውስጥ አስገብተው ውጤቱን ጻፉ። ከ15 ሰዎች 13ቱ ዳኑ። በቀጣዩ ዓመት ባንኮክ ላይ አሩን ሮጃናሳኩል በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል በትንሽ ቅድ ገብቶ፣ ቦዩን እዚያው አስሮ የሚቆርጥበትን «ሊፍት» የተባለ ዘዴ አስተዋወቀ፤ ጡንቻው አይቆረጥም፣ ከ18 ሰዎች 17ቱ ዳኑ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣሊያናዊው ፒየርካርሎ ማይኔሮ እጅግ ቀጭን ካሜራ በቦዩ ውስጥ አስገብቶ፣ እያየ ከውስጥ ማቃጠል የሚቻልበትን መንገድ አሳተመ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው አርነ ዊልሄልም ዙሪያውን ሌዘር የሚረጭ ዘንግ አስገብቶ ቦዩን ከውስጥ ማክሰም ቻለ፤ ከ11 ሰዎች 9ኙ ተዘጋላቸው።

ያ ዘመን ሐኪሞቹን እንዴት እንዳስደሰተ አስቡት! በትንሽ ቅድ፣ በአጭር ጊዜ ተኝቶ መታከም፣ ከሁሉ በላይ ጡንቻ ሳይቆረጥ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ የዘዴዎቹ ፈጣሪዎችም ለታማሚ የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። 15፣ 18፣ 11። ዘዴውን የሚሠራው ራሱ የፈለሰፈው እጅ ነው። ክትትሉም ብዙ ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው። ፊስቱላ ደግሞ አታላይ ነው፤ የውጭው ቆዳ ገጥሞ፣ ውስጡ ተዳፍኖ ቆይቶ፣ ሁሉም ነገር የተረሳ ሲመስል ይመለሳል። ሌላም አለ። ሐኪሙ ማንን በአዲሱ፣ ማንን በአሮጌው እንደሚያክም ራሱ ከመረጠ፣ ሳያውቀውም ቢሆን ቀላሉን ቦይ ለአዲሱ ዘዴ ሊሰጥ ይችላል። ያኔ የዳነው በዘዴው ነው ወይስ በቦዩ ቀላልነት? ማንም መለየት አይችልም።

ለዚህ የተገኘው መላ ዕጣ ነው። ታማሚው ሁሉም ነገር ይነገረዋል፤ ሁለቱም ሕክምናዎች እንዳሉ፣ የትኛው እንደሚሻል ሐኪሞቹ ራሳቸው በእርግጠኝነት እንደማያውቁ፣ እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይጓደልበት። ካመነበት ይፈርማል። ከዚያ ሐኪሙ አይመርጥም፣ ታማሚውም አይመርጥም፤ ዕጣ ይወጣል። በሉቮዋ ክፍሎችና በዚህ መካከል ያለው ርቀት ይታያችሁ። በሁለቱም ቦታ ሕክምና በሰው ላይ ይሞከራል። እዚህ ግን ሰውየው ተጠይቋል፣ ገብቶታል፣ የሱም መዳን እንደ ንጉሡ መዳን ይቆጠራል።

በዚህ ዓይነት እንግሊዝ አገር ውስጥ «ፊያት» የተሰኘ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። ፊስቱላቸው በጡንቻ ውስጥ የሚያልፍ 304 ሰዎች ለመሳተፍ ተስማሙ። በዕጣ ለግማሾቹ ያ ከአሳማ አንጀት የተሠራው መወተፊያ ደረሳቸው፤ ለግማሾቹ ሐኪማቸው በለመደው ዘዴ፣ በክር ይሁን በመሰንጠቅ፣ የአንጀቱን ሽፋን ስቦ በመክደን ይሁን በሊፍት፣ እንዲታከሙ ሆነ። አንድ ዓመት ተጠበቀ። እንደገና ተመረመሩ። መወተፊያው ከገባላቸው የዳኑት ከመቶ 54 ሆኑ። በተለመደው ዘዴ ከታከሙት ደግሞ ከመቶ 55።

ከ15 አሥራ ሦስቱ ተብሎ የተጀመረው ከግማሽ ጥቂት ከፍ ብሎ አረፈ። በኑሯቸው ምቾትም በሁለቱ ወገኖች መካከል የረባ ልዩነት አልተገኘም። በሁለተኛው ወገን ውስጥ በሊፍት ከታከሙት የዳኑት ከመቶ 42፣ ቦዩ ከተሰነጠቀላቸው ከመቶ 75 ነበሩ፤ ይህንን ግን በጥንቃቄ ስሙልኝ፤ እነዚህን የመረጣቸው ሐኪሙ እንጂ ዕጣ አይደለም፣ የሚሰነጠቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለመሰንጠቅ የማያሰጋው ቦይ ነው። በሌላ በኩል ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች ሲደመሩ ሊፍት ከአራት ሰዎች ሦስቱን ገደማ፣ ሌዘሩ ከሦስት ሁለቱን ገደማ ያድናል የሚል ውጤት ይሰጣሉ። ሁለቱም ሰገራ የመያዝ ችሎታን የሚጎዱት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌዘሩ ባይዘጋው እንኳ ጡንቻው አለ፤ ታማሚው ነገ በሌላ ዘዴ ሊሞከርለት ይችላል። የተቆረጠ ጡንቻ ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም።

አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር፤ ይህኛው ልቤን ይነካዋል። ክሮንስ የሚባል አንጀትን የሚያቆስል የዕድሜ ልክ ሕመም አለ። ብዙዎቹ ታማሚዎች ወጣቶች ናቸው፤ ፊስቱላ ሲያመጣባቸውም ሁለት ሦስት አፍ እያወጣ የሚያስቸግር ነው። ለእነሱ ከጤናማ ለጋሾች ስብ የተወሰደ ስቴም ሴል የተባለ ህዋስ ተዘጋጀ፤ 120 ሚሊዮን ህዋስ በመርፌ ቦዩ ዙሪያ የሚወጋ። በአውሮፓና በእስራኤል በሚገኙ ሆስፒታሎች 212 ሰዎች ዕጣ ወጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት፣ ህዋሱ ከተወጋላቸው ግማሾቹ፣ ጨው ውኃ ብቻ ከተወጋላቸው ከመቶ 34ቱ መሻላቸውን አሳየ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቀደው። ሁለተኛውና የበለጠ ብዙ ሰው የተሳተፈበት ሙከራ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ሲገለጥ ልዩነቱ ጠፋ፤ ሁለቱም ወገኖች ተቀራርበው ዳኑ። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ መድኃኒቱን ከአውሮፓ ገበያ አወጣው።

በዚያ መርፌ ተስፋ ያደረጉትን ወጣቶች ሳስብ አዝናለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አስተውሉ። ጨው ውኃ የተወጋላቸውም ቢሆኑ ቦያቸው በጥንቃቄ ተፍቆ፣ የውስጡ አፍ ተሰፍቶ ነበር፤ ከእነሱም ብዙ ሰው ዳነ። ውድ መድኃኒት ባይኖርም ታማሚውን በርጋታ መርምሮ፣ ቦዩን አጥርቶ፣ የውስጡን አፍ አግኝቶ የሚዘጋ እጅ ራሱ መድኃኒት ነው። ለእኛ አገር ከየትኛውም ማሽን ይልቅ የሚጠቅመን ዕውቀት ይህ ይመስለኛል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተመራማሪዎች «ዳነ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው የሚለውን ራሳቸውን ታማሚዎቹን መጠየቅ ጀምረዋል። ሐኪም ቀዳዳው መዘጋቱን ያያል። ታማሚው ግን መቀመጥ፣ መሥራት፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር መተኛት፣ ልብሱ ይነካ ይሆን ብሎ አለመሳቀቅ ነው የሚሻው። እንግሊዝና ኔዘርላንድስ ውስጥ ታማሚዎችና ሐኪሞች በአንድ ላይ ሆነው፣ ወደፊት የሚደረጉ የፊስቱላ ሙከራዎች ሁሉ ሊለኩ የሚገባቸውን ውጤቶች ዘርዝረው ተስማምተዋል።

በከተሞቻችን ግድግዳና በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን እናድናለን» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ወደዚያ የሚሄደው ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ አፍሮ ነው፣ ቢላዋ ፈርቶ ነው፣ ገንዘብ አጥሮት ነው። ነገር ግን ፊስቱላ በኪንታሮት መድኃኒት አይድንም፤ ፊንጢጣ ላይ የሚደረግ የሚያቃጥል ነገርም ጠባሳ ፈጥሮ መውጫውን ሊያጠብበው ይችላል። እናንተ ወይም ዘመዳችሁ በፊንጢጣ አካባቢ የሚመላለስ እብጠትና መግል ካያችሁ ወደ ቀዶ ሐኪም ሂዱ። ሐኪሙንም ጠይቁት፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ቦዩ ከጡንቻዬ ምን ያህሉን ያቋርጣል? የኤምአርአይ ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ? ልትሠራልኝ ያሰብከው ዘዴ ባይሳካ ቀጥሎ ምን ቀርቶልኛል? ሰገራ መያዝ ያቅተኝ ይሆን? የሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር የምንኖር ነንና አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ቲቢ ፊንጢጣ ላይም ፊስቱላ ያወጣል፣ ክሮንስም እንዲሁ፣ ሁለቱም በቢላዋ ብቻ አይድኑም። ስለዚህ ከቦዩ የተወሰደው ሥጋ ሳይጣል ወደ ላቦራቶሪ ይላክልኝ ብላችሁ አደራ በሉት፤ ውጤቱንም ሳትቀበሉ አትቅሩ።